አነስተኛ መኪናን ዝቅ ማድረግ

አነስተኛ መኪናን ዝቅ ማድረግ ማለት የመኪናውን ሰስፔንሽን በመለወጥ አካሉ ከመሬት ያለውን ከፍታ መቀነስ ነው። ሰስፔንሽን የሚባለው አካሉን ከጎማዎቹ ጋር የሚያገናኙት የሞላዎች፣ የሾክ አብዞርበሮችና የክንዶች ስብስብ ነው። ለመንገድ በሚያገለግሉ መኪናዎች ላይ ለውጡ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 60 ሚሊ ሜትር ነው። ባለቤቶች ይህን የሚያደርጉት ለመልክ፣ መኪናው በመታጠፊያ ላይ እንዳያጋድል፣ ወይም ለሁለቱም ነው። በትንሽ ገንዘብ ለመሥራት ሲታሰብ ቀድሞ የሚመጣው ሐሳብ ያለውን ሞላ መቁረጥ ነው፤ አብዛኛው ችግር የሚነሣውም ከዚሁ ነው።

ታሪክ

መኪና ዝቅ የማድረግ ልማድ በሰፊው የታወቀው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በካሊፎርኒያ የሜክሲኮ ዝርያ ባላቸው አሜሪካውያን ወጣቶች ዘንድ ነው። መኪናዎቹ ያገለገሉና ትልልቅ ነበሩ፤ ዘዴውም ርካሽ ነበር፤ በዕቃ መጫኛው ውስጥ የአሸዋ ከረጢት መጫን ወይም ሞላ መቁረጥ። በአውሮፓ ልማዱ ከትንንሽ መኪናዎች ጋር ተያይዞ አደገ። እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣው ሚኒ እና በ1974 የወጣው ቮልስዋገን ጎልፍ ዋናዎቹ ናቸው። በ1976 ለገበያ የቀረበው ጎልፍ ጂቲአይ ከመደበኛው ጎልፍ ዝቅ ተደርጎ ከፋብሪካ የወጣ ነው። የዚህ መኪና ወዳጆች ከ1982 ጀምሮ በኦስትሪያ በቮርተርዜ ሐይቅ ዳርቻ መሰባሰብ ጀምረው ነበር።

ሞላ ሲቆረጥ የሚሆነው

የጥቅል ሞላ ጥንካሬ የሚወሰነው በብረቱ ዓይነት፣ በሽቦው ውፍረት፣ በጥቅልሉ ስፋትና በሚሠሩት ዙሮች ብዛት ነው። ዙር ሲቀነስ ሞላው ከማጠሩም በላይ ይጠነክራል። ይህን በቀላል ምሳሌ ማየት ይቻላል። 6 ዙር ያለው፣ ሳይጫን 360 ሚሊ ሜትር የሚረዝም አንድ ሞላ ይኑር፤ አንድ ሚሊ ሜትር ለመጨመቅም 20 ኒውተን ይፈልግ። የመኪናው ክብደት 3,000 ኒውተን ሲያርፍበት 150 ሚሊ ሜትር ይጨመቅና 210 ላይ ይቆማል። አንድ ዙር ሲቆረጥ ያልተጫነው ርዝመት 300 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ጥንካሬው ግን ወደ 24 ኒውተን ያድጋል። ያው ክብደት አሁን የሚጨምቀው 125 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ሞላው 175 ላይ ይቆማል። 60 ሚሊ ሜትር ሞላ ተጥሎ መኪናው የወረደው 35 ብቻ ነው ማለት ነው።

መኪናው ከክሪክ ላይ ወርዶ ወዲያው ሲታይ ደግሞ ከዚህም ያነሰ የወረደ ይመስላል። ጎማዎቹ መሬቱን ይዘው ስለሚቆሙ ሰስፔንሽኑ ቦታውን የሚይዘው መኪናው ጥቂት ሜትር ከተንከባለለ በኋላ ነው። ይህን ሳይጠብቁ «ገና አልወረደም» ብሎ ሁለተኛውን ዙር መቁረጥ የተለመደ ስሕተት ነው።

ሁለተኛው ዙር የሚያመጣውን ችግር በዚያው ምሳሌ መከተል ይቻላል። መኪናው በክሪክ ሲነሣ ወይም አንድ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ሲንጠለጠል፣ ሞላው ያረፈባቸው የላይና የታች መቀመጫዎች ይራራቃሉ። ርቀቱ ሾኩ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ 290 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። 360 የነበረው ሞላ በዚህ ጊዜም ተጨምቆ ቦታውን እንደያዘ ይቆያል። አንድ ዙር የተቆረጠው 300 ስለሆነ በ10 ሚሊ ሜትር ብቻ ይተርፋል። ሁለት ዙር የተቆረጠው ግን 240 ስለሆነ 50 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይቀረውና ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል። ጎማው ተመልሶ መሬት ሲነካ ሞላው ያዘነበለ ከሆነ ጎማውን ወይም የፍሬን ቱቦውን ሊጎዳ ይችላል። ሞላው እንዳይወጣ በሽቦ ማሰር የሚታይ መፍትሔ ቢሆንም ሽቦው ለዚህ ሥራ የተሠራ አይደለም።

የሞላው ጫፍም ወሳኝ ነው። አንዳንዱ ሞላ እንደ መሐሉ ዙር ሆኖ ክፍት ጫፍ አለው፤ ይህ ከተቆረጠም በኋላ መቀመጫው ላይ ሊገጥም ይችላል። ጫፉ ጠፍጣፋ ሆኖ የተሞረደ ወይም እየጠበበ የሚሄድ ሞላ ሲቆረጥ ግን ሙሉ በሙሉ የሚያርፍበት ገጽ አይኖረውም።

ከመቁረጥ የባሰው በጋዝ ነበልባል ማሞቅ ነው። የሞላ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው በፋብሪካ ሞቆ፣ በፍጥነት ቀዝቅዞ፣ እንደገና በመጠን ሞቆ ነው። ነበልባል ቀይ እስኪሆን ሲያግለው ያ ሁሉ ሥራ በዚያ ቦታ ላይ ይፈርሳል። መኪናው ይወርዳል፤ ነገር ግን በምን ያህል እንደሚወርድና መቼ እንደሚቆም መወሰን አይቻልም፤ ግራና ቀኙም እኩል አይሆንም።

ሌሎች ርካሽ ዘዴዎች

የተለመደውና አስተማማኙ ርካሽ ዘዴ ለዚያው መኪና ሞዴል ተሠርቶ የሚሸጥ አጭር ሞላ መግዛት ነው። ከፍታው እንደ ልብ ከሚስተካከለው ኮይልኦቨር ዋጋው በብዙ ያንሳል። ልዩነቱ 30 ሚሊ ሜትር አካባቢ ከሆነና ሾኩ ጤነኛ ከሆነ ነባሩን ሾክ ይዞ መቀጠል ይቻላል። ያረጀ ሾክ ግን የጠነከረውን ሞላ መልሶ መግታት ስለማይችል መኪናው ይዘላል።

ሞላ የሌላቸው መኪናዎች ምንም ዕቃ ሳይገዛላቸው ሊወርዱ ይችላሉ። በኢትዮጵያ ቮልስ እየተባለ የሚታወቀው ቮልስዋገን ቢትል ከኋላ በሞላ ፋንታ የሚጠመዘዝ የብረት ዘንግ አለው። የዘንጉ የውስጥ ጫፍ 40፣ የውጭው 44 ጥርሶች አሉት። የውስጡ አንድ ጥርስ 9 ዲግሪ ነው፤ የውጭው 8.2 ዲግሪ ገደማ። ውስጡን በአንድ አቅጣጫ፣ ውጩን በተቃራኒው አንድ ጥርስ ማዞር 0.8 ዲግሪ ያህል ለውጥ ብቻ ይሰጣል፤ ስለዚህ ከፍታው በጥቂት ሚሊ ሜትር እየተመዘነ ሊስተካከል ይችላል። የሚከፈለው ጉልበትና ጊዜ ነው። አሮጌው ሚኒ ደግሞ በብረት ፋንታ የላስቲክ ሾጣጣ ስለሚጠቀም፣ ዝቅ የሚደረገው ከላስቲኩ ጋር የሚገናኘውን የአሉሚኒየም ክፍል በማሳጠር ወይም በሚስተካከል በመተካት ነው።

በማናቸውም ዘዴ ሥራው ራሱ አደገኛ ነው። ከላይ በምሳሌነት የቀረበው ሞላ 200 ሚሊ ሜትር ሲጨመቅ 400 ጁል ኃይል ያከማቻል፤ ይህም 40 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዕቃ ከ1 ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ከሚያደርሰው ጋር የሚቀራረብ ነው። ሞላ ያለ መጭመቂያ መሣሪያ አይፈታም፤ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥርም አይገባም።

ከሞላው በኋላ የሚመጡ ወጪዎች

ሞላው ርካሽ ቢሆንም ሥራው በእሱ አያበቃም። መኪናው ሲወርድ የጎማዎቹ አቋም ይለወጣል። የጎማው ላይኛ ጫፍ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ የፊት ጎማዎቹም ትይዩነታቸውን ያጣሉ። የጎማን ጠርዝ ፈጥኖ የሚበላው በዋናነት ይህ ሁለተኛው ነው። ስለዚህ አላይመንት ማሠራት ከሥራው የማይለይ ወጪ ነው። በሾኩ ዘንግ ላይ ያለው ማቆሚያ ላስቲክም መኪናው ከወረደ በኋላ ቶሎ ስለሚነካ፣ የሞላው አምራች ባዘዘው ልክ ማሳጠር ሊያስፈልግ ይችላል። ጨርሶ ማውጣት ግን ሾኩን ይሰብራል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የፍሬን ጉዳይ ነው። በርካታ የቆዩ ትንንሽ መኪናዎች የኋላ ፍሬን ግፊትን እንደ ጭነቱ የሚመጥን ቫልቭ አላቸው፤ ቫልቩ ጭነቱን የሚያውቀው ከኋላ አክስሉ ጋር በተያያዘ ዘንግ ወይም ትንሽ ሞላ አማካይነት ነው። የመኪናው ኋላ ሲወርድ ቫልቩ ሰው የተጫነ ይመስለውና ለኋላ ጎማዎች የበለጠ ግፊት ይለቃል። ባዶ መኪና በእርጥብ አስፋልት ላይ በኃይል ፍሬን ሲያዝ የኋላ ጎማዎች ቀድመው ይቆልፋሉ፤ መኪናውም ይዞራል። ቫልቩን እንደገና መመጠን ዋጋው ትንሽ ነው፤ ችግሩ ማንም የማያስታውሰው መሆኑ ነው። የፊት መብራት አቅጣጫም የፊቱና የኋላው አወራረድ ካልተመጣጠነ ይዛባል።

በመታጠፊያ ላይ ያለው ጥቅም

መኪናው ሲወርድ የክብደቱ ማዕከል ይወርዳል፤ በመታጠፊያ ላይም ከውስጥ ጎማ ወደ ውጭ ጎማ የሚዛወረው ክብደት ይቀንሳል። ሆኖም መጠኑ ከሚወራው ያነሰ ነው። የክብደት ማዕከሉ 550 ሚሊ ሜትር ላይ ያለ መኪና 30 ሚሊ ሜትር ቢወርድ የሚዛወረው ክብደት የሚቀንሰው በ5.5 በመቶ ገደማ ነው። የፊቱ ማክፈርሰን በሆነ መኪና ላይ ደግሞ የታችኛው ክንድ ከአግድም አልፎ ሲያዘነብል፣ አካሉ የሚያጋድልበት ምናባዊ ነጥብ ከክብደቱ ማዕከል ይበልጥ ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ስለሚረዝም መኪናው ይበልጥ ማጋደል ይፈልጋል። ዝቅ ያለው መኪና ቀጥ ብሎ የሚታጠፈው ባብዛኛው ሞላው ስለጠነከረ ነው።

ሕግ

በካሊፎርኒያ ከ1958 ጀምሮ ማንኛውም የመኪና አካል ከቸርኬው የታችኛ ጠርዝ በታች እንዳይወርድ ተከልክሎ ነበር፤ ሮን አጊሬ በ1959 ገደማ መኪናውን በሃይድሮሊክ እንደፈለገ እንዲያነሣና እንዲያወርድ ያደረገው ከዚህ በኋላ ነው። ዝቅ ያሉ መኪናዎችን የሚመለከቱት ክልከላዎች የተነሡት ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ነው። በጃፓን የመኪናው ታችኛ ክፍል ከመሬት ቢያንስ 9 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት። በጀርመን ሞላው የማረጋገጫ ሰነድ ሊኖረው ይገባል፤ አብዛኛውን ጊዜም ከተገጠመ በኋላ በተፈቀደለት መርማሪ ታይቶ ይጸድቃል፤ ያለዚያ የመኪናው የመንገድ ፈቃድ ሊቋረጥ ይችላል።

በኢትዮጵያ

በአዲስ አበባ በብዛት የሚታየው ቶዮታ ቪትዝ ከፊት ማክፈርሰን፣ ከኋላ ደግሞ የሚጠመዘዝ አክስል ከጥቅል ሞላ ጋር አለው፤ ስለዚህ በአሠራሩ አጭር ሞላ ለመቀበል ምቹ ነው። የሚያስቸግረው መንገዱ ነው። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፣ ኮብልስቶንና ጉድጓድ የሞላበት የሰፈር መንገድ ከፍታ ይፈልጋሉ። በአንድ አክስል ላይ ያሉት ሁለት ሞላዎች እያንዳንዳቸው በሚሊ ሜትር 20 ኒውተን ቢሆኑ፣ ከኋላ የሚቀመጡ በድምሩ 140 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ ሁለት ተሳፋሪዎች ብቻ የመኪናውን ኋላ ወደ 34 ሚሊ ሜትር ያወርዱታል፤ ይህ አስቀድሞ በሞላ ከተቀነሰው ላይ የሚጨመር ነው።