ነፋስ መቀበል

እሁድ ማለዳ ነው። ከሓወልቲ ተነስተን ወደ እንዳየሱስ ኮረብታ በእግራችን ስናቀና አንዲት እናት «ደቀይ፣ በዚህ ጠዋት ወዴት ናችሁ?» አሉን። «ነፋስ ልንቀበል ነው፣ አደይ» አልናቸው። ሳቅ ብለው «ነፋሱማ መቼ ከደጃችሁ ጠፋ!» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

እውነታቸውን ነው፤ መቐለ ነፋስ አይቸግራትም። የቸገረን ሌላ ነው። ሰሞኑን ከጓደኞቻችን ጋር ስንገናኝ ጨዋታችን ዞሮ ዞሮ እንቅልፍ ማጣት ላይ ያርፋል። ምክሩም ሞልቷል፤ «ተራራ ውጡ፣ ጫካ ግቡ፣ ሃይኪንግ ጀምሩ» ይሉናል። ነገሩ ከፈረንጅ የመጣ ፈሊጥ ይመስላል። ግን ነው እንዴ? እስቲ ታሪካችንን ገለጥ እናድርገው።

አዲስ አበባን ማን ቆረቆራት ቢሏችሁ «እቴጌ ጣይቱ» ትላላችሁ። ለምን እዚያ ቦታ ላይ ቢሏችሁስ? መልሱ ፍልውሃ ነው። ቤተ መንግሥቱ ብርዳሙ እንጦጦ ላይ ሳለ አፄ ምኒልክና እቴጌይቱ ወደ ሜዳው እየወረዱ በፍል ውሃው ይታጠቡ ነበር። እቴጌይቱ ቦታውን ወደዱት፤ በ1879 ዓ.ም. ቤት አሠሩበት፤ አዲስ አበባ የሚለውን ስምም አወጡለት። ዋና ከተማችን የተወለደችው ሰው ገላውንና መንፈሱን ለማሳረፍ ከወረደበት ምንጭ ዳር ነው ማለት ነው። የገጠሩ ሰውም ሲታመም ጠበል ፍለጋ ገደል ይወርዳል፤ ሲከፋው «አየር ልለውጥ» ብሎ ዘመድ ቤት ይከርማል። ስም አላወጣንለትም እንጂ ሕክምናውን እናውቀዋለን።

ስም ያወጡለት ሌሎች ናቸው። የጃፓን የደን መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1982 «ሺንሪን ዮኩ» አለው፤ በደን መታጠብ እንደማለት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሮጀር ኡልሪች የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሰዎች መዝገብ አመሳከረ። በመስኮታቸው ዛፍ ይታያቸው የነበሩት የጡብ ግድግዳ ብቻ ከሚያዩት ቀድመው ከሆስፒታል ወጥተዋል፤ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም የወሰዱት ባነሰ መጠን ነው።

እንግዲህ ወደ ኮረብታችን እንመለስ። ዛሬ የመቐለ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ያለበት እንዳየሱስ በ1888 ዓ.ም. የጣሊያን ምሽግ ነበር። ሻለቃ ጋሊያኖ ግንቡን አጥብቆ ተቀመጠ፤ በግንባር የገጠመውም ብዙ ሰው ረገፈ። እቴጌ ጣይቱ ግን ዓይናቸውን ከግንቡ ውጭ ባለው ምንጭ ላይ ጣሉ። ምንጩ ተያዘ። ከቀናት ጥም በኋላ፣ ጥር ላይ፣ ጋሊያኖ ምሽጉን ለቆ ወጣ። ፍልውሃን ለዕረፍት የመረጡት ሴት እዚህ ምንጩን መሣሪያ አደረጉት። ያው ውሃ አንዱ ቦታ መድኃኒት፣ ሌላው ቦታ ጦር ሆነ።

ይህን ስናነሣ የራሳችን ዘመን ትዝ ይለናል። እግራችንን ያነሣንበት ሓወልቲ ስሙ ራሱ በትግርኛ ሐውልት ማለት ነው፤ ከደርግ ጋር በተደረገው ትግል የወደቁት የሚታሰቡበት ስፍራ። የምንሄድበት ኮረብታ የድሮ ምሽግ ነው። ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነት ሲጀመር ደግሞ ለብዙዎች ተራራ ማለት መሸሸጊያ ወይም መተኮሻ ሆነ። ነዳጅና መብራት ሲጠፋ ዛፉ ለማገዶና ለከሰል ተቆረጠ። ያ ዛፍ እንዲሁ የበቀለ አልነበረም። የትግራይ ገበሬ ለዓመታት ያለ ክፍያ እርከን እየሠራ፣ ተራራውን ከከብት እየከለለ ያዳነው ነው፤ ክልሉ እ.ኤ.አ. በ2017 ከወርልድ ፊውቸር ካውንስል የወርቅ ሽልማት ያገኘበት ሥራ ነው።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ኮረብታ ወጥተን ከተማዋን ቁልቁል ስናይ የገባን ነገር ይኼ ነው፦ ተራራ የሚያክመው ምሽግ መሆኑን ሲተው ነው። «ወደ ተፈጥሮ ውጡ» የሚለው ምክር ጥሩ ነው፤ ግን ሳይፈሩ መውጣትንና በሰላም መመለስን ይጠይቃል። ሰላም ከሌለ መድኃኒቱ ከደጃችን ቆሞም አይደርስልንም። የተራቆተውን ተራራም መልሰን ማልበስ አለብን፤ እሱም እንደኛው ታማሚ ነው።

የዚያን ዕለት ከአናቱ ደርሰን አንድ ሰዓት ያህል ዝም ብለን ተቀመጥን። ማንም ስልኩን አላወጣም። ስንወርድ ችግራችን እንዳለ ነበር፤ ማታ ግን ቢያንስ አንዳችን እንቅልፍ ወሰዳት።

እናንተም በየሰፈራችሁ ኮረብታ አይጠፋምና ወጣ በሉ። ውሃ መያዝ ግን እንዳትረሱ፤ እንዳየሱስ ላይ ውሃ ያጣ ምን እንደሆነ ነግረናችኋል።