የግሪክ አፈ ታሪክ በሚና ጨዋታ መጻሕፍት

በግሪክ አፈ ታሪክ ላይ የተመሠረቱ የሚና ጨዋታ መጻሕፍት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ለሚጫወቱ ሰዎች ዓለሙን፣ አማልክቱን፣ ጭራቆቹንና የጨዋታውን ሕግ አሰናድተው ያቀርባሉ። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፤ አጫዋቹ ታሪኩን ይመራል፣ የቀሩትንም ገጸ ባሕርያት ሁሉ ወክሎ ይናገራል። ውጤቱ አጠራጣሪ የሆነ ድርጊት ሲገጥም ዳይስ ይጣላል።

የዘርፉ መነሻ ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 እ.ኤ.አ. ያወጡት «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሮበርት ኩንዝና ጄምስ ዋርድ የልዩ ልዩ ሕዝቦችን አማልክት ለዚሁ ጨዋታ አዘጋጁ፤ በ1980 ደግሞ ሥራው ተስፋፍቶ «ዴይቲስ ኤንድ ዴሚጎድስ» በሚል ርእስ ታተመ። የኦሊምፖስ አማልክት ከግብፅና ከኖርዲክ አማልክት ጎን አንድ ምዕራፍ ያዙ፤ ለዜውስ ሳይቀር እንደ ማንኛውም ጭራቅ የሕይወት ነጥብ ተቆረጠለት። ይህ አሠራር ለአጫዋቹ ቢያመችም አፈ ታሪኩን ጎድቶታል። የግሪክ ጀግና አምላክን ይለምናል፣ ያስቀይማል፣ ይሸሻል እንጂ ቆጥሮ አይገድልም።

በ1994 «ኤጅ ኦቭ ሂሮስ»፣ በ1995 ደግሞ «ገርፕስ ግሪስ» ታትመው ለጥንታዊቷ ግሪክ ራሳቸውን የቻሉ መጻሕፍት ሆኑ። የፈረንሳዩ ኦሊቪየ ለግራን በ2006 በነጻ ያሠራጨው «ሜዝስ ኤንድ ሚኖቶርስ» መነሻው አንድ ጥያቄ ነው፦ የመጀመሪያው የሚና ጨዋታ ከመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ይልቅ ከግሪክ ተረቶች ቢወለድ ኖሮ ምን ይመስል ነበር?

ለጥንቱ ግጥም መንፈስ ይበልጥ የሚቀርበው የጆን ሃርፐር «አጎን» ነው፤ በ2006 ወጥቶ በ2020 ከሾን ኒትነር ጋር እንደ አዲስ ተጽፏል። ጀግኖቹ ከጦርነት ወደ አገራቸው በመርከብ ሲመለሱ ከደሴት ደሴት ይንከራተታሉ። ፈተና ሲመጣ ተጫዋቹ ዝም ብሎ ዳይስ አይወረውርም፤ የጀግናውን ቅጽል፣ ስምና ዘር ጮክ ብሎ ይጠራል። ፈተናውን ከተወጡት መካከል የላቀው ብዙውን ክብር ይወስዳል። ፉከራው ራሱ የጨዋታው ሕግ አካል ነው።

በዚያው በ2020 የወጣው «ሚቲክ ኦዲሲስ ኦቭ ቴሮስ» ከ«ማጂክ» የካርታ ጨዋታ የተወሰደ ልቦለዳዊ ዓለም ያቀርባል። ዋና አስተዋጽኦው የአምልኮ ነጥብ ነው። አምላክ የመረጠ ጀግና በ1 ነጥብ ይጀምራል፤ አምላኩን የሚያስደስት ሥራ ነጥቡን ያሳድገዋል፣ የሚያስከፋው ይቀንሰዋል። 3፣ 10፣ 25 እና 50 ሲደርስ ስጦታ ይቀበላል። የ1980ው መጽሐፍ ያፈረሰውን የጀግናና የአምላክ ግንኙነት ይህ ሥርዓት በሚገባ ጠግኖታል።

የመጻሕፍቱ ምናብ በአብዛኛው የሚያተኩረው በኤጌ ባሕር ዙሪያ ነው፤ የአፈ ታሪኩ ካርታ ግን ከዚያ ይሰፋል። በሆሜር ዘንድ ዜውስና ፖሲዶን ወደ ኢትዮጵያውያን ግብዣ ይሄዳሉ። ፐርሴውስ ከባሕር አውሬ ያዳናት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያው ንጉሥ የኬፌዎስ ልጅ ናት፤ ሌላው የኢትዮጵያ ንጉሥ ሜምኖን ደግሞ ትሮይን ሊረዳ ጦር ይዞ ዘምቶ በአኪሌስ እጅ ይወድቃል። ግሪኮች «አይቲዮፒያ» ሲሉ በተለይ ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን አገር፣ የኩሽን ምድር፣ ያስቡ ነበር። የኋለኛዋ የኩሽ መዲና መርዌ ከካርቱም በስተ ሰሜን ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። እዚያ ከፒራሚድ መቃብር የተገኘ አንድ የአቴና የሸክላ መጠጫ፣ ፈረስ የተቀመጠች አማዞን (የግሪክ ተረት ሴት ተዋጊ) ቅርጽ ያለው፣ ዛሬ በቦስተን የጥበብ ሙዚየም ይገኛል። ሸክላ ሠሪው ሶታዴስ በ5ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ይሠራ ነበር፤ ስለዚህ የግሪክ ተረት ምስል በዕቃ ላይ ሆኖ ናይልን ሽቅብ ወጥቷል ማለት ነው።

ለዚህ አቅጣጫ የተዘጋጀ የጨዋታ ጉዞ ለሚፈልግ ጸሐፊ ምንጩ የኤሜሳው ሄሊዮዶሮስ «ኢትዮጵያዊ ታሪክ» የተባለው የግሪክኛ ልቦለድ ነው። የኢትዮጵያ ንግሥት ልጅ ካሪክሊያ በዴልፊ አድጋ ከወዳጇ ከቴያጌኔስ ጋር ትጠፋለች። የባሕር ወንበዴዎች ይማርኳቸዋል፤ በግብፅ ያልፋሉ፤ የኢትዮጵያው ንጉሥ የናይልን ውኃ ጠልፎ አስዋንን ይከብባል። በመርዌ ቴያጌኔስ ከበሬና ከአንድ ግዙፍ ታጋይ ጋር ይገጥማል፣ ካሪክሊያም ለመሥዋዕት ከቀረበች በኋላ የንግሥቲቱ ልጅ መሆኗ ይረጋገጣል።