ባሕር ማዶ ያለ አምራች በሪያድ ፍርድ ቤት ሊከሰስ ይችላልን?

በሪያድ ሱቆች ከሚሸጡት የኤሌክትሪክ ምድጃዎች፣ የስልክ ባትሪዎችና የመኪና ጎማዎች ብዙዎቹ የተሠሩት በውጭ ሀገር ነው። ከእነዚህ አንዱ በብልሽቱ ምክንያት ፈንድቶ ሰው ቢያቆስል፣ ተጎጂው የጥፋት ማስረጃውን ከማቅረቡ በፊት የሚገጥመው ጥያቄ የዳኝነት ሥልጣን ነው፤ በሳዑዲ ዓረቢያ ቢሮ የሌለውን ኩባንያ እዚህ ያለ ፍርድ ቤት ሊዳኘው ይችላልን?

መልሱ በ1435 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 2013) በወጣው የሸሪዓ ክርክር ሥነ ሥርዓት ሕግ ውስጥ ይገኛል። አንቀጽ 25 በሀገሪቱ መደበኛ ወይም የተመረጠ መኖሪያ ያለውን የውጭ ዜጋ ለሳዑዲ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ተገዢ ያደርገዋል። «የተመረጠ መኖሪያ» የሚለው አነጋገር ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ ሰው የሚያድርበትን ቤት ሳይሆን ለሕግ ጉዳይ ሲል የመረጠውን አድራሻ ያመለክታል። አንቀጽ 26 ደግሞ አንዱም መኖሪያ የሌለውን ይመለከታል። ክሱ በሀገሪቱ ከሚገኝ ንብረት ወይም በሀገሪቱ ከመነጨ ወይም ከሚፈጸም ግዴታ ጋር የተያያዘ ከሆነ፣ እንዲሁም ከብዙ ተከሳሾች መካከል አንዱ እዚህ መኖሪያ ካለው፣ የሳዑዲ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ያያል።

ለተጎጂ ሰፊው በር ይህ የመጨረሻው ይመስለኛል። ዕቃውን ያስገባው አስመጪ ወይም ወኪል አድራሻው እዚሁ ስለሆነ፣ አምራቹን ከእርሱ ጋር አጣምሮ መክሰስ ይቻላል። የዕቃውን ካርቶንና ደረሰኝ አለመጣል የሚበጀውም ስለዚህ ነው፤ የአስመጪው ስም ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ላይ ነው።

በሌላው ዓለም ይህ በር ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። በአሜሪካ የኒው ጀርሲ ግዛት አንድ ሠራተኛ በእንግሊዝ ሀገር በተሠራ ብረት መቁረጫ ማሽን እጁ ተጎድቶ አምራቹን ቢከስስም፣ የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 የኒው ጀርሲ ፍርድ ቤቶች በኩባንያው ላይ ሥልጣን የላቸውም ሲል ወስኗል። ማሽኑን ለአሜሪካ ገበያ ያቀረበው በሌላ ግዛት የሚገኝ አከፋፋይ ነበር። እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2019 በተከሰከሰው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ከሞቱት 157 ሰዎች የብዙዎቹ ቤተሰቦች ግን ተቃራኒውን መንገድ ያዙ፤ ቦይንግን የከሰሱት ዋና መሥሪያ ቤቱ በዚያን ጊዜ በነበረበት በቺካጎ ነው። አምራችን በገዛ ደጁ ለሚከስ ሰው የሥልጣን ክርክር እምብዛም አያስቸግረውም፤ የጉዞውና የጠበቃው ወጪ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ሥልጣን ተገኘ ማለት ካሳ ተገኘ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2023 ጀምሮ የሚሠራው የሳዑዲ የፍትሐ ብሔር ግብይቶች ሕግ በአንቀጽ 120 የሚያስክሰው ጉዳት ያደረሰ ጥፋት ነው። የኢትዮጵያ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2085 አምራቹን በተለይ ጠቅሶ ኃላፊ ሲያደርግ፣ የሳዑዲው ድንጋጌ ግን የተጻፈው በጥቅሉ ነው። ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ አምራቹ በሀገሪቱ ሀብት ከሌለው፣ ውሳኔው በራሱ ሀገር መፈጸም ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. በ1983 በዚሁ በሪያድ የተፈረመው የዳኝነት ትብብር ስምምነት የሚያስተሳስረው የዓረብ ሀገራትን ብቻ ነው።

የካሳ ክስ ተጎጂው ጉዳቱንና ኃላፊውን ካወቀበት ቀን አንሥቶ ሦስት ዓመት ካለፈ፣ በማናቸውም ሁኔታ ደግሞ ጉዳቱ ከደረሰ ዐሥር ዓመት ካለፈ አይሰማም። የዕቃ ጉድለትን ለንግድ ሚኒስቴር ለማሳወቅ 1900 ይደወላል።