ጦር ያባረረው ተከራይ

ግጭት ሲነሳ ቤቱን ጥሎ የወጣ አንድ የድሮ ተማሪዬ «ቲቸር፣ አከራዬ ያልኖርኩበትን የአራት ወር ኪራይ ክፈል አለኝ፤ ይሄ ነገር በታሪክ አለ?» ብሎ ጻፈልኝ። አለ እንጂ!

እ.ኤ.አ. በ1640ዎቹ እንግሊዞች እርስ በርስ ሲዋጉ የልዑል ሩፐርት ጦር ጄን የሚባል ተከራይ ከያዘው መሬት አባረረው። አከራዩ ፓራዳይን ግን የሦስት ዓመት ኪራይ ብሎ ከሰሰው። ጄን «ያባረረኝ የንጉሡ ጠላት የሆነ ባዕድ ልዑል ነው» ብሎ ተከራከረ። (ሩፐርት እኮ ለንጉሡ የሚዋጋ፣ የገዛ እህቱ ልጅ ነበር!)

በ1647 ለአከራዩ ተፈረደ። ወደህ በውል ግዴታ ከገባህ ጦርም ቢመጣ ትከፍላለህ፤ ካልሆነ መጀመሪያ ውሉ ላይ ማስጻፍ ነበረብህ፤ መሬቱ ሲያተርፍ ትርፉ ያንተ እንደሆነ ሁሉ ኪሳራውም ያንተ ነው ተባለ። ጨካኝ ፍርድ ነው። ድንገተኛ ነገር የኪራይ ውልን ሊያፈርስ እንደሚችል የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት በመርህ ደረጃ የተቀበለው በ1980 ነው፤ ትናንት በሉት።

የእኛ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ጦርነትን፣ የእርስ በርሱንም ጭምር፣ እንደ ሁኔታው «ከዐቅም በላይ» ሊባሉ ከሚችሉት ጋር ጽፎታል። ልጁን «አንቀጽ 1792 እና 1793ን ይዘህ ጠበቃ ጋ ሂድ» አልኩት።