ድረ ገጽ ለማን ነው የሚጻፈው? ከሰቆጣ የሚታይ ታሪክ

እስቲ ይህችን ቃል አንብቧት፦ «ገና»። በዓሉ ነው ወይስ «ገና አልመጣም» የምንለው? ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ከዓረፍተ ነገሩ እንገምታለን። ዲስሌክሲያ ለሚባለው የማንበብ ችግር ለተጋለጠ ልጅ ግን እያንዳንዱ ግምት ድካም ነው። በዚያ ላይ «ቡ» እና «ቢ» የሚለያዩት በአንዲት ትንሽ ጭረት ቦታ ነው።

አሁን ወደ ሰቆጣ እንሂድ። በዋግ ኽምራ ብዙ ልጆች አፋቸውን የሚፈቱት በኽምጣና ነው። ኽምጣና ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ከአማርኛ የተለየ ኩሻዊ ቋንቋ ቢሆንም በዚያው በግዕዝ ፊደል ይጻፋል። እንግዲህ አንድ የሰቆጣ ልጅ የአማርኛ ገጽ ላይ ቢደናቀፍ፣ ያስቸገረው ቋንቋው ነው? ዲስሌክሲያ ነው? ወይስ የገጹ አጻጻፍ? ቶሎ አይለይም። «ሰነፍ ነው» ማለት ግን ይቀላል።

ስህተቱ የቆየ ነው። በ1896 እ.ኤ.አ. ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ ሐኪም በእንግሊዝ አገር ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ጻፈ። ልጁ ብሩህ ነው፣ ሂሳብም ይችላል፤ ማንበብ ግን አልሆነለትም። መምህሩ ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሰጥ ልጁ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ እንደሚሆን ተናግሮ ነበር።

ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1999 እ.ኤ.አ.፣ ሁለት ነገሮች ተከታትለው መጡ። በግንቦት አካባቢ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ወጣ። ከ14 ነጥቦቹ የመጨረሻው «ጽሑፉ ግልጽና ቀላል ይሁን» የሚል ነው። በመስከረም ደግሞ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ገባ።

ሁለቱን ምን ያገናኛቸዋል? ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱን ኮድ ይጠቀም ነበር። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። አንዳንዱም ጽሑፉን እንደ ፎቶ ይለጥፈዋል። ፎቶን ደግሞ ጽሑፍ የሚያነብ ፕሮግራም ጮክ ብሎ ሊያነበው አይችልም ነበር። ለማንበብ የሚቸገር ልጅ በጆሮው እንዲሰማ፣ መጀመሪያ ፊደሉ የታወቀ ኮድ ማግኘት ነበረበት።

መንገዱ ግን ቀጥ ያለ አልነበረም። በ2008 እ.ኤ.አ. በተሻሻለው መመሪያ፣ የንባብ ደረጃን የሚመለከተው መስፈርት ብዙ ድረ ገጾች ወደማይደርሱበት ከፍተኛው እርከን ተገፋ። ኢትዮጵያ በ2010 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ኢንተርኔትን በስም ይጠቅሳል። ለመማርና ለመረዳት ለሚቸገሩ ሰዎች ራሱን የቻለ የድረ ገጽ መምሪያ የወጣው ግን በ2021 እ.ኤ.አ. ነው።

ጉዳዩ የፈተና ውጤት ብቻ አይደለም። የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት በ2007 ዓ.ም. የታወጀው «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ስሙን ያገኘው ከዚችው ከተማ ነው። ስለ ሕፃናት አመጋገብ እንዲህ ተብሎ ቢጻፍስ? «የተጨማሪ ምግብ አጀማመር ሥርዓትን በማሻሻል መቀንጨርን መከላከል የሚቻል መሆኑ»። አሁን ይህን አንብቡ፦ «ሕፃኑ 6 ወር ሲሞላው ከጡት ወተት ጋር ሌላ ምግብም ስጡት። ምግቡ የተለያየ ዓይነት ይሁን።»

ሁለተኛውን እናትም፣ ታላቅ እህትም፣ ኽምጣና ተናጋሪውም፣ ፊደል የሚያስቸግረውም ይረዳዋል። ማንም የሚጎዳበት የለም። እናንተም ነገ ድረ ገጽ ስትሠሩ ጽሑፉን ከመልቀቃችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ዓረፍተ ነገሩን ቁረጡት።