በርበሬያችን ከየት መጣ?

በዓል በቀረበ ቁጥር በዚህ በፌስቡክ መንደር አንድ የማይቀር ክርክር አለ። አንዱ የዶሮ ወጥ ፎቶ ይለጥፍና «የሦስት ሺህ ዘመን ምግባችን!» ብሎ ይጽፋል። ሌላው ከሥር ይመጣና «በርበሬ እኮ ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ ምኑ ነው የእናንተ?» ይላል። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ፤ ስድቡ ከወጡ በላይ ያቃጥላል።

እኔ ሆዴን የምወድ ሰው ነኝ። ቅዳሜና እሁድ ማጀት ገብቼ ሽንኩርት ሳቁላላ ነው የምውለው። መንገድ ከወጣሁም ከሐውልቱ በፊት ገበያውን ነው የማየው። ግን መብላት ብቻ አይበቃኝም፤ ያ ምግብ በየት በኩል ዞሮ ትሪዬ ላይ እንደደረሰም ማወቅ እፈልጋለሁ። እንግዲህ ዛሬ ሁለቱንም ወገን ላስቀይም ነው። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

መጀመሪያ ለሁለተኛው ሰውዬ ሐቁን እንስጠው። አዎ፣ በርበሬ የትውልድ አገሩ አሜሪካ ነው። ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ባሕር ከማቋረጡ በፊት በአፍሪካም በእስያም በአውሮፓም አንድ ዛላ በርበሬ አልነበረም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ፖርቹጋሎች በመርከብ ጭነው ወደ አፍሪካ ዳርቻዎችና ወደ ህንድ አደረሱት፤ ከዚያ የነጋዴ እጅ ገባና ተሰራጨ። እኛም ያገኘነው ከዚያ ወዲህ ነው። እስቲ ይህን ቆም ብላችሁ አስቡት፦ ቅዱስ ላሊበላ ድልህ አልቀመሰም። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም ቀይ ወጥ ቢቀርብላቸው በበርበሬ የቀላ አይሆንም ነበር።

የሚያቃጥል ቅመም ግን ነበር። ቁንዶ በርበሬ ነበር፤ ዝርያው የህንድ ነው፤ በቀይ ባሕር በኩል ነው የሚመጣው። (ቁንዶ በርበሬና በርበሬ ስም ይጋራሉ እንጂ በዘር አይገናኙም።) እ.ኤ.አ. በ1520 የፖርቹጋል መልእክተኞች ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ሲመጡ አብሯቸው ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሚባል ቄስ ነበር። ስድስት ዓመት ያህል ቆይቶ ያየውን ሁሉ ጻፈ። ለንጉሡ ካቀረቡት ስጦታ መካከል ምን ነበር ብትሉ፣ በጆንያ የታሰረ ቁንዶ በርበሬ! ዛሬ ጥብስ ላይ ቆንጠር አድርገን የምንበትነው ነገር ያኔ ለንጉሥ የሚመጥን እጅ መንሻ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ 250 ዓመት ገደማ እንዝለልና ጎንደር እንግባ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 አካባቢ ጎንደር ነበር። በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ አንድ ግብዣ ይተርካል፤ ጥሬ ሥጋው ይቆረጣል፣ ቁንዶ በርበሬ ወይም ቀዩ በርበሬ ከአሞሌ ጨው ጋር ይነሰነስበታል፣ በጤፍ እንጀራ ይጠቀለላል፣ ከዚያ ሴቶቹ ከጎናቸው ለተቀመጠው ሰው ያጎርሱታል። ጉርሻ ብሎ አልጠራውም እንጂ ጉርሻ ነው። እኔን ግን የሳበኝ ያቺ «ወይም» ናት። ነባሩና መጤው ቅመም አንድ ገበታ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንዱ ሌላውን ገና አላባረረውም። ዛሬ በክትፎው ላይ ሚጥሚጣ የሚያስነሰንሰን ልማድ እዚያ ገበታ ላይ ቁጭ ብሏል።

መጤው በርበሬ ብቻ መሰላችሁ? ቋንቋችን ራሱ መዝግቦታል። በቆሎን አባቶቻችን «የባሕር ማሽላ» ይሉት ነበር፤ እሱም የአሜሪካ ተወላጅ ነው። በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣውን ዛፍ ደግሞ «ባሕር ዛፍ» አልነው። «ባሕር» ስትባል ፓስፖርት ላይ የተመታች ማኅተም በሏት፤ ይህ ነገር ማዶ ተሻግሮ ነው የመጣው ማለት ነው። ገበሬው ታሪክ ሳይጽፍ በስም ብቻ ታሪክ አስቀመጠልን።

ድንችም አለላችሁ። አመጣጡ ሲነገር ስሙ የሚነሳው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር ነው፤ ረጅም ዕድሜውን ትግራይ ውስጥ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1878 እዚያው አድዋ ያረፈ ሰው ነው። ድንቹን ያስገባው በ1858 ገደማ እንደሆነ ይጻፋል። ሰው ግን ወዲያው አልወደደውም። ከዚያ ክፉ ቀን መጣ። እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892 የከብት በሽታ በሬውን ጨረሰው፤ በሬ ሲያልቅ እርሻው ቆመ፣ አገር ተራበ። ድንች ሰፋ ብሎ መዘራት ከጀመረባቸው ምክንያቶች አንዱ ያ ረሃብ ነው። በጾም ቀን ከጥቅል ጎመንና ከካሮት ጋር የምናየው የዋህ ድንች ከኋላው ይህን ያህል ለቅሶ አለበት።

ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይቶ ሲባረር ፓስታው አልተባረረም። ፎርኖ ዳቦም፣ ማኪያቶም፣ ስልስም ቀሩ። እኛ ግን እንዳለ አልተቀበልነውም። ስልሱን በርበሬ ጨመርንበት፣ ለጾም በዘይት ሠራነው፣ ከዚያ ፓስታውን እንጀራ ላይ ደፍተን በእጃችን በላነው! ሮም ውስጥ ይህን የሚያይ ሰው ራሱን ስቶ ይወድቃል።

እሺ፣ እስካሁን ሁለተኛው ሰውዬ ደስ ብሎታል። አሁን ተራው የሱ ነው።

ባለፈው ዓመት ወደ አርባ ምንጭ ስንወርድ ሃላባ ቁሊቶ ላይ ቆምን። በርበሬ የሚያውቅ ሰው ሃላባንና ማረቆን ሳያነሳ አያልፍም። መሬቱ በተሰጣ ዛላ ቀልቷል፤ ሳልና እንባ እየተናነቀኝ ወደ አንዲት ሻጭ ተጠጋሁና፣ «እናቴ፣ ይሄ በርበሬ ከየት ነው የመጣው?» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «ከማሳችን ነዋ! ከየት ሊመጣ ኖሯል?» አለችኝ። የመጽሐፉን ታሪክ ልነግራት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። እሷ የዘራችውን፣ ያረመችውን፣ የለቀመችውን ነው የምትናገረው። ሐቅ ነው።

ምክንያቱም ዛላ ገና ምግብ አይደለም። አክስቴ በርበሬ ስታዘጋጅ አብሬያት ውዬ አድሬ አውቃለሁ። ይቀነጠሳል፣ ይጸዳል፣ ይታጠባል፣ ፀሐይ ይመታዋል። በሙቀጫ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከቀይ ሽንኩርት፣ ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋር ይወቀጣል። ተሸፍኖ ያድራል። እንደገና ይሰጣል። ከዚያ ኮረሪማው፣ ነጭና ጥቁር አዝሙዱ፣ ድምብላሉ፣ አብሹ፣ ጥምዙ፣ ቅርንፉዱ፣ ቀረፋው እየታመሰ ይገባና ወደ ወፍጮ ይሄዳል። የቀናት ሥራ ነው።

አሁን ያንን ሙቀጫ ጎንበስ ብላችሁ እዩት። ዛላው የአሜሪካ ዘር ነው። ቅርንፉዱ መጀመሪያ የበቀለው በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ደሴቶች ነው። ቀረፋው የደቡብ እስያ፣ ድምብላሉ የሜዲትራኒያን አካባቢ ነው። ኮረሪማው የገዛ ደናችን ልጅ ነው። ይህ ሁሉ ነገር በየገበያው፣ በየአገሩ ለብዙ ሕዝብ ደርሶታል። ህንዶች በርበሬን አግኝተው የራሳቸውን ሠሩበት፣ ሃንጋሪዎች ፓፕሪካ አደረጉት፣ ሜክሲኮዎች ባለቤቶቹ ናቸው። ግን በዚህ መንገድ ወቅጦ፣ አሳድሮ፣ አምሶ፣ ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት አቁላልቶ፣ ሰዓታት አብስሎ፣ በጤፍ እንጀራ ላይ ያወጣው ማነው? የዓመቱን ግማሽ ያህል ለሚጾም ሕዝብ ሥጋና ቅቤ ሳይነካ ልብ የሚያደርስ ሽሮ የሠራበትስ ማነው? ያ የእናቶቻችን ሥራ ነው። ዘሩን ተዋስን፤ ሙያው የኛው ነው።

እዚህ ላይ ግን ጥርሴን የሚያፋጨኝ ነገር አለ። ታሪካችን ግብር ማን እንዳበላ በደንብ ይነግረናል። እ.ኤ.አ. በ1887 እንጦጦ ማርያም ስትመረቅ እቴጌ ጣይቱ ያዘጋጁት ድግስ በጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የምኒልክ ታሪክ ውስጥ ሰፍሯል። እቴጌይቱ የማጀቱን ኃይል የሚያውቁ ሴት ነበሩ፤ ኋላም ፒያሳ ላይ ሆቴል ከፍተዋል። ግን በርበሬን መጀመሪያ ከኮረሪማ ጋር የወቀጠችው ሴት ማን ናት? ሽንኩርት ያለ ዘይት ቢቁላላ ወጡ እንደሚጣፍጥ ያገኘችውስ? ስም የለም። ዘመን የለም። «ሙያ በልብ ነው» እያልን አሞገስናቸው፤ ሙያው በልባቸው እንዳለ ተቀበሩ።

«ታዲያ ምን ይጠበስ?» ካላችሁ ጤፍን አስታውሱ። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት ይዞ ዓመታት ቆይቷል። የገዛ ጤፋችን! እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ነው የሄግ ፍርድ ቤት ፈጠራ የሚባል ነገር የለበትም ብሎ በኔዘርላንድ ፓተንቱን ውድቅ ያደረገው። እዚያ ችሎት ፊት «የሦስት ሺህ ዘመን ምግባችን» ብሎ ፎቶ መለጠፍ አይረዳም። የተጻፈ ነገር ነው የሚረዳው።

ስለዚህ ከዚያ በርበሬ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ይዣለሁ። አክስቴን «ኮረሪማው ስንት ነው?» ብላት «በዓይን ነው ልጄ» ትለኛለች። እኔም ትንሽ ሚዛን ገዛሁና እፍኟን መመዘን ጀመርኩ። ሦስት ጊዜ አፈሰችልኝ፤ የሦስቱም ልዩነት ከ2 ግራም አልበለጠም። ዓይን የተባለው ነገር ሚዛን ነው እንግዲህ፤ ቁጥሩ ያልተጻፈበት ሚዛን። ደግሞ ስትመዝን ዝም አትልም፤ «ነጩንና ጥቁሩን አዝሙድ አብረህ አታምስ፣ አንዱ ቀድሞ ያርርብሃል፤ እናቴ ይህን ያሳየችኝ ገና ልጅ ሆኜ ነው» ትላለች። ደብተሬ ላይ ግራሙን ብቻ አልጽፍም። ማን ለማን እንዳሳየ፣ የት አገር፣ በየትኛው ዘመን፣ ያ ሁሉ ይገባል።

ለመጀመሪያው ሰውዬ የምለው፦ ወንድሜ፣ ዕድሜውን አትጨምርበት፤ የአራትና የአምስት መቶ ዓመት ሙያ በራሱ ያኮራል። ለሁለተኛው ደግሞ፦ ዘሩ የመጣበትን አገር ስላወቅህ ወጡን ማን እንደሠራው አወቅህ ማለት አይደለም።

እናንተስ? እናት፣ አክስት፣ አያት በሕይወት ያለላችሁ ሁሉ፣ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ ጠይቁልኝ፦ «ይህን ማን አሳየሽ?» በሉ። ወጥ ይሁን፣ ቆጮ ይሁን፣ ጠላ ይሁን፣ ጭኮ ይሁን፣ መልሱን ከነስሙና ከነአገሩ ጻፉት። ከፈቀዱላችሁ ከታች አስቀምጡት፤ አንድ በአንድ አነበዋለሁ። ጨው ሲበዛ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ ካለ ደግሞ ለብቻው ይጻፍልኝ፤ እሱ ለግል ጉዳዬ ነው።