በአንዲት ጀልባ ላይ በርካታ ስክሪኖችን ማናበብ፦ አሠራሩ፣ ጥቅሙና ጥንቃቄው

በሐይቅም ሆነ በባሕር ላይ የሚጓዝ ሰው ሁለት ነገሮችን ዘወትር ማወቅ ይሻል፤ ከጀልባው በታች ያለውን የውኃ ጥልቀትና ጀልባው ያለበትን ሥፍራ። ለመጀመሪያው መልስ የሚሰጠው በድምፅ ሞገድ የሚሠራው የዓሣ መፈለጊያ መሣሪያ ነው። ለሁለተኛው ደግሞ በጂ ፒ ኤስ አማካይነት ጀልባውን በካርታ ላይ የሚያመለክተው ቻርት ፕሎተር ነው። በአሁኑ ጊዜ ሁለቱ በአብዛኛው በአንድ ስክሪን ተጣምረው ለገበያ ይቀርባሉ።

በአሜሪካ ሐይቆች ላይ ለዓሣ ማጥመድ በሚሰማሩ ጀልባዎች አንድ ስክሪን ከመሪው ዘንድ፣ ሌላው ደግሞ በጀልባው የፊት ጫፍ መትከል የተለመደ ነው። ዘዋሪው መንገዱን ሲከታተል አጥማጁ ከፊት ኾኖ የውኃውን ወለል ያያል። ስክሪኖቹ መረጃ እንዲለዋወጡ በኬብል ማገናኘት ማናበብ ወይም በተለመደው አጠራር ኔትወርክ ማድረግ ይባላል። ሁለተኛ ስክሪን ለመግዛት ያሰበ ሁሉ አስቀድሞ ሊገነዘበው የሚገባ ነገር አለ። ስክሪን መስኮት ነው፤ መስኮት ሲበዛ ተመልካች ይበዛል እንጂ የሚታየው ነገር አይጨምርም።

ድምፅ ጥልቀትን እንዴት ይለካል?

የመሣሪያው ዓይን ትራንስዲውሰር የሚባለው፣ ከጀልባው ሥር ውኃ ውስጥ የሚገባው አካል ነው። ኤሌክትሪክን ወደ ድምፅ ቀይሮ ወደ ታች ይልካል፤ ነጥሮ የተመለሰውንም ድምፅ መልሶ ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይራል። ድምፅ በጨው አልባ ውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,480 ሜትር ያህል ይጓዛል። በ14 ሜትር ጥልቀት ላይ ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ ከሰከንድ ሃምሳኛ እጅ በታች ነው። ብዙ ዓሦች በሆዳቸው ውስጥ አየር የያዘ ፊኛ ስላላቸው ድምፁን አጉልተው ይመልሳሉ፤ በስክሪኑ ላይ ተለይተው የሚታዩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ይህን መሣሪያ ለገበያ በማብቃት ቀዳሚ የኾኑት የጃፓን ናጋሳኪዎቹ የፉሩኖ ወንድማማቾች ሲኾኑ ጊዜውም በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1948 ነበር።

ትራንስዲውሰሩ የሚያየው ስፋት ውስን ነው። የ20 ዲግሪ ስፋት ያለው የድምፅ ሞገድ 14 ሜትር ጥልቀት ላይ ሲደርስ የሚሸፍነው 5 ሜትር ያህል ወርድ ያለውን ክብ ብቻ ነው። በአንድ ትራንስዲውሰር ላይ ሦስት ስክሪን ቢናበብ ሦስቱም የሚያሳዩት ያንኑ ክብ ነው። ከክቡ ውጭ ያለ ዐለት ለሦስቱም ስውር ነው።

ሁለት ዓይነት መስመሮች

ስክሪኖች የሚናበቡባቸው መስመሮች በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ኤን ኤም ኢ ኤ 2000 የሚባለው ነው። ይህ የአሜሪካ ብሔራዊ የባሕር ኤሌክትሮኒክስ ማኅበር ያወጣው ደረጃ ሲኾን መሠረቱ በመኪና ውስጥ ያሉ መሣሪያዎችን ለማናበብ የተፈጠረ ቴክኖሎጂ ነው። በሰከንድ 250 ኪሎ ቢት ያስተላልፋል። ጥልቀትን፣ ሥፍራን፣ ፍጥነትን፣ የውኃ ሙቀትንና የሞተርን ሁኔታ በቁጥር ለማድረስ ይህ በቂ ነው። የልዩ ልዩ አምራቾች መሣሪያዎችም በዚህ መስመር መነጋገር ይችላሉ።

ኾኖም የውኃውን ወለል የሚያሳየው ሙሉ የሶናር ምስል በዚህ ጠባብ መስመር አያልፍም። ለምስልና ለዝርዝር ካርታ ኢተርኔት የሚባለው ፈጣን መስመር ያስፈልጋል፤ በሰከንድ 100 ሜጋ ቢት የሚያስተላልፈው ኢተርኔት ከመጀመሪያው 400 ጊዜ ይፈጥናል። በዚህ መስመር ላይ ግን አምራቾች የየራሳቸውን ቋንቋ ስለሚጠቀሙ የአንዱን ድርጅት ሶናር በሌላው ድርጅት ስክሪን ማየት በአብዛኛው አይቻልም። አንድ ድርጅት ከሠራቸው መካከልም ርካሾቹ ሞዴሎች የኢተርኔት መግቢያ የሌላቸው ሊኾኑ ይችላሉ። ስለዚህ ገዢው ሻጩን «ይናበባል ወይ?» ብሎ ብቻ መጠየቅ አይበቃውም፤ «ምን ምን መረጃ ይጋራል? ምስሉንስ ያስተላልፋል?» ብሎ ማጣራት ይኖርበታል።

የመስመሩ አዘረጋግ

የኤን ኤም ኢ ኤ 2000 አዘረጋግ ለመስኖ ገበሬ እንግዳ አይደለም። አንድ ዋና ቦይ አለ፤ ከእርሱም ወደ እያንዳንዱ ማሳ ቅርንጫፍ ቦይ ይወጣል። በጀልባ ላይም አንድ ዋና ኬብል ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዘረጋል፤ እያንዳንዱ መሣሪያም ባለሦስት አፍ በኾነ ማገናኛ በኩል በቅርንጫፍ ኬብል ይገናኛል። አንዱ ቅርንጫፍ ከ6 ሜትር መብለጥ የለበትም። ከአንዱ ስክሪን ወደ ሌላው እንደ ሰንሰለት እየቀጠሉ መሄድን ደረጃው አይፈቅድም።

በዋናው ኬብል ሁለት ጫፎች ላይ እያንዳንዳቸው 120 ኦም የኾኑ ሁለት ተርሚናተሮች ይገጠማሉ። ሥራቸው ምልክቱ ከኬብሉ ጫፍ ነጥሮ እንዳይመለስና መረጃውን እንዳያደፈርስ ማድረግ ነው። ትክክል መገጠማቸውን ማንም የኤሌክትሪክ ባለሙያ በቀላሉ ሊያረጋግጥ ይችላል። ኃይሉን አጥፍቶ በሁለቱ የመረጃ ሽቦዎች መካከል ሲለካ 60 ኦም ያህል ማግኘት አለበት። 120 ካገኘ አንዱ ተርሚናተር ጎድሏል ወይም ኬብሉ ተቆርጧል፤ 40 ካገኘ ደግሞ ትርፍ ሦስተኛ ተርሚናተር ተገጥሟል ማለት ነው።

በትንሽ ጀልባ ላይ ዋናው መስመር ኃይል የሚያገኘው ከ12 ቮልት ባትሪ በአንድ ቦታ፣ በፊውዝ አልፎ ነው። ስክሪኖቹ ግን የየራሳቸው የኃይል ገመድና ፊውዝ ያስፈልጋቸዋል። ሞተር ሲነሣ የባትሪው ኃይል ለአፍታ ስለሚወርድ ስክሪኖቹ ጠፍተው እንደገና ሊነሡ ይችላሉ። ለዚህም መፍትሔው ለኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎቹ የተለየ ባትሪ መመደብ ነው።

ሲናበቡ የሚጋሩት ስሕተት

የተናበቡ ስክሪኖች እውነቱን ብቻ ሳይኾን ስሕተቱንም ይጋራሉ። ለምሳሌ ትራንስዲውሰሩ በጀልባው የፊት ጫፍ፣ የጂ ፒ ኤስ መቀበያው ደግሞ ከኋላ ቢኾንና የጀልባው ርዝመት 6 ሜትር ቢኾን፣ አጥማጁ ከፊት ያየውን ዐለት ሲመዘግብ ካርታው ላይ የሚሰፍረው ከጀልባው ኋላ ያለው ሥፍራ ነው። ልዩነቱ ትራንስዲውሰሩ ከሚያየው ክብ ይሰፋል። ምልክቱ ወደ ሁሉም ስክሪኖች ስለሚተላለፍ ሁሉም በአንድ ድምፅ የተሳሳተውን ቦታ ያሳያሉ። የስክሪኖቹ መስማማት ለትክክለኛነታቸው ማረጋገጫ አይኾንም። መፍትሔው በስክሪኑ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ ለትራንስዲውሰሩ ቅርብ የኾነውን የጂ ፒ ኤስ ምንጭ መምረጥ ነው።

ጥልቀቱም እንዲሁ የሚለካው ከትራንስዲውሰሩ ጀምሮ እንጂ ከውኃው ገጽ ወይም ከጀልባው የታችኛው ጫፍ ጀምሮ አይደለም። ልዩነቱን በሜትር ለክቶ ማስገባት የባለቤቱ ድርሻ ነው። በአንድ ጀልባ ላይ ሁለት ትራንስዲውሰሮች በአንድ ዓይነት የድምፅ ድግግሞሽ ሲሠሩም አንዱ የሌላውን ድምፅ ስለሚሰማ ምስሉ ይደበዝዛል። ስለዚህ አንዱን በ200 ኪሎ ኸርዝ፣ ሌላውን በ83 ኪሎ ኸርዝ ማሠራት ይመከራል። በተጨማሪም የተመዘገቡ ሥፍራዎች በተናበቡት ስክሪኖች ሁሉ ላይ እንደሚታዩ ሁሉ አንዱ ላይ ሲሰረዙ ከሌሎቹም ሊጠፉ ይችላሉ። ቅጂያቸውን በሚሞሪ ካርድ ለብቻ ማስቀመጥ ተገቢ ነው።

በጣና ላይ ምን ማለት ነው?

ይህ ዕውቀት በሞተር ጀልባ ሰውና ዕቃ ለሚያመላልሱ፣ ዓሣም ለሚያጠምዱ የጣና ዳርቻ ነዋሪዎች ፋይዳ አለው። ጣና ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፤ ከፍተኛው ጥልቀቱ 14 ሜትር ያህል ነው። በአንጻሩ በስምጥ ሸለቆ የሚገኘው ሻላ ከ260 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ጥልቅ ለኾነ ውኃ 50 ኪሎ ኸርዝን የመሰለ ዝቅተኛ ድግግሞሽ ሲመረጥ ለጣና ግን 200 ኪሎ ኸርዝና ከዚያ በላይ ያለው የተሻለ ዝርዝር ይሰጣል።

ዝርዝር ካርታ በሌለበት ውኃ አንዳንድ ዘመናዊ መሣሪያዎች ጀልባው በተጓዘበት ሁሉ ጥልቀቱን እየመዘገቡ የራሳቸውን ካርታ ይሥላሉ። በዚህ ረገድ ወቅትን ማስተዋል ያሻል። የሐይቁ ውኃ ከክረምቱ ዝናብ በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል፤ በግንቦት ደግሞ ይጎድላል። በመስከረም ጀልባ በሰላም ያለፈበት ሥፍራ በግንቦት ዐለቱን ወደ ላይ ያቀርባል፤ በካርታው ላይ የተመዘገበው ጥልቀት ግን የመስከረሙ ኾኖ ይቀራል። ካርታ ሲመዘገብ ወሩን አብሮ መጻፍ ከአደጋ ይጠብቃል።

እምቦጭም ሌላው ፈተና ነው። ሥሩና ቅጠሉ በትራንስዲውሰሩ ላይ ሲጠመጠም ድምፁ ስለሚታገድ በተናበቡት ስክሪኖች ሁሉ ላይ የጥልቀቱ መረጃ በአንድ ጊዜ ይጠፋል ወይም ይሳሳታል። ነፋስ ሲበረታ በማዕበሉ የሚፈጠረው የአየር አረፋም ተመሳሳይ ችግር ያስከትላል።

በመኾኑም ሰው አሳፍሮ የሚጓዝ ካፒቴን ከአንድ መስመር ላይ ከተንጠለጠሉ ሦስት ስክሪኖች ይልቅ በሁለት የተናበቡ ስክሪኖችና ከመስመሩ ውጭ በራሱ ባትሪ በሚሠራ አንድ አነስተኛ የእጅ ጂ ፒ ኤስ ቢተማመን ይሻለዋል። ኮምፓስ፣ ጥልቀት መለኪያ እንዲኾን በየሜትሩ ቋጠሮ የተደረገበትና ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረለት ገመድ፣ ለተሳፋሪ ሁሉ የሚበቃ የሕይወት አድን ጃኬትም ከጀልባው ሊለዩ አይገባም። ዋናው ቦይ ሲሰበር ማሳው ሁሉ ይደርቃል፤ በዚያን ጊዜ የሚያጠጣው ከቦዩ ያልተገናኘው የጉድጓድ ውኃ ነው።